የራስ ማጠቢያው ዘፈን

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ደህና ነሽ ወይ? ወገብሽ እንዴት ሆነ? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ የቀኝ ትከሻሽስ ተሻለው? መነጽርሽን ታደርጊያለሽ ወይስ አሁንም በጨርቅ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ያርፋል? የስፌት መኪናሽስ ደህና ናት? እሷንም የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእኛ ከልጆችሽ ይልቅ ከእሷ ጋር ስለኖርሽ ሳልጠይቃት ባልፍ የምትቀየመኝ ይመስለኛል። እኔ ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ። ይህን ያልኩት ለደብዳቤ ወግ እንዳልሆነ ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል።

ደብዳቤውን የምታነብልሽ እህቴ መሆኗን ስለማውቅ ለእሷም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እህቴ ሆይ፣ እንደ ልማድሽ ሆድሽን ያባባሽን ቦታ ሁሉ እየዘለልሽ እንዳታነቢ። ሁሉም ይነበብ። አባዬም ራዲዮው አጠገብ ተቀምጦ የማይሰማ መስሎ እንደሚሰማ አውቃለሁና ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ዛሬ እሱን የሚመለከት ወሬ አለኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል ትይ ይሆናል። በስልክማ እንተዋወቃለን። አንቺ ስልክ የምትይዥው እንደ ትኩስ ድስት ነው፤ ደህና ነሽ፣ በልተሻል፣ በይ ቻው ብለሽ እኔ አፌን ሳልከፍት ለእህቴ ታቀብያታለሽ። የዛሬው ነገሬ ደግሞ ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ነው።

እንግዲህ ስለ ጻፍኩት መጽሐፍ። ያልተጠረዘውን ወረቀት ጠቅልዬ ልኬልሽ መልስሽ እስኪመጣ ድረስ እንዴት እንደሰነበትኩ ልንገርሽ። የምሠራበትን ቤት በወሬ ታውቂዋለሽ፤ ታች የመጽሐፍ መጠረዣ፣ ላይ የእኔ ክፍል። ከማተሚያ ቤት የሚመጣውን ሰፋፊ ወረቀት እናጥፋለን፣ እጥፋቶቹን በተራቸው እንደራርባለን፣ በመርፌና በክር እንሰፋለን፣ ጀርባውን ሙጫ እንቀባለን፣ ከዚያ ሽፋኑን እናለብሳለን። እኔ ስፌቱ ላይ ነኝ፤ ከእጅሽ የተማርኩት ነገር ወረቀት ላይም ይሠራል። የሰው መጽሐፍ ስሰፋ ኖሬ የራሴ ተራ ደርሶ እዚያው ቤት ሲመጣ፣ አለቃችን ክምሩን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉትና ከእናቷ መልስ ሳይመጣ መርፌ አይነካውም ብለው ዘጉት። እሳቸው አፋቸው እንደተጣበቀ ስለሚውል ከኋላቸው ሙጫ እንላቸዋለን። በዚያ ቀን ግን ተናገሩ።

እንደዚያ እንዲሆን የጠየቅኩት እኔው ነኝ። እናቴ አይሆንም ካለች ወረቀቱ የሳሙና መጠቅለያ ይሁን ብያቸዋለሁ። አሳታሚዋ ሴትዮም ቅር እያላት ተስማማች። ግን እማዬ፣ ቃል መስጠት ቀላል ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው የሚያደርቀው። በየቀኑ መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ የሌላ ሰው የአትክልት አተካከል መጽሐፍ እየሰፋሁ ሽቅብ ሽቅብ አያለሁ። አጠገቤ የምትሠራው ሙጫ ቀቢዋ፣ አንቺ ደራሲ፣ አንገትሽ ተጣሞ እንዳይቀር እያለች ስትስቅብኝ ነው የከረመችው።

ነገሩን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ጽፌልሽ አላውቅምና አንዴ ልጻፈው። ፌንጣ፣ ትንሹ ወንድሜ፣ መዝለል እንጂ መራመድ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ያለው ልጅሽ፣ በዚያ የክረምት ቀን ከቤት ወጥቶ የጎረቤታችን አሮጌ ግንብ ተደረመሰበት። ከዚያ በኋላ ቤታችን ድምፁን ቀነሰ። ዝም በሉ ያለን ሰው የለም፤ ሁላችንም በየራሳችን ዝም አልን። አንቺ ፊት እሱን ማንሳት ቁስልሽን መነካካት መስሎን ተውነው። እኔም እዚህ መጥቼ በምጽፍልሽ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ ሰላምታዬን ስደረድር፣ ከእህቴ ቀጥሎ እጄ ይቆምና ወደ ጎረቤት አልፋለሁ።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ታሪክ አድርጌ ልጽፈው ሞክሬ ነበር። አረፍተ ነገሩ እየሮጠ ይሄድና ግንቡ ሥር ያደርሰኛል፤ መመለሻ የለውም። በግጥም ሲሆን ግን መስመሩ ቶሎ ያልቃል፣ ነጭ ወረቀት ይመጣል፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስንኝ ሆነ። የምትናገረው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ወንድሟ ይሞታል፤ እሷ ደግሞ ቀስ እያለች፣ እያፈረችም፣ እንደገና መሳቅ ትጀምራለች። ያው እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ምን ልደብቅሽ።

ወረቀቱ አንቺ ጋ ሳለ አሳታሚዋ ሌላ ቅጂ ለአንዲት የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሰጥታት ኖሮ ተማሪዎቿ አንብበውት ጋበዙኝ። ሄድኩ። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግኩ። አንዱ ልጅ ቤት የማይመታ ግጥም ግጥም ነው ወይ ብሎ አፋጠጠኝ። ሌላው መጽሐፉን የወደደው ቶሎ ስለሚያልቅ እንደሆነ በግልጽ ነገረኝ። ከዚያ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች፣ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ የዘጋች ልጅ እጇን አወጣች።

«እናትየዋ አሁን ደህና ናት?» አለችኝ።

ደህና ናት አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ልጅቷ አላመነችኝም፣ እኔም ራሴን አላመንኩትም። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፍና አታውቅም ብሎ ነው የሚያበቃው። ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ ያቺ ጥያቄ ተከተለችኝ። በደብዳቤ ሁሉ ደህና ነሽ ወይ እያልኩ ስጠይቅሽ ኖሬ መልሱን እንደማላውቀው ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ የእህቴ ስልክ መጣ። እማዬ አዳምጣ ጨረሰች አለችኝ። እጄ ላይ የነበረውን መርፌ የት እንዳደረግኩት እስከዛሬ አላውቅም። ፈቀደች ወይ ብላት፣ ፈቅዳለች ግን እርማት አላት አለች። እርማት! አሳታሚዋ አርማ፣ አስተማሪዋ አርማ፣ ሁሉ አለቀ ስል ዋናዋ አራሚ ለካ ቤት ቁጭ ብላ ነበር።

እርማትሽ ሁሉ በየቦታው ገብቷል። ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን ባዶ ቀረ፣ ጨርቅ ቢሆን አንድ የልጅ ሸሚዝ ይወጣው ነበር ያልሽውን ለአለቃችን ነግሬያቸው ያ የተጣበቀ አፋቸው ተከፍቶ ሲስቁ ጥርሳቸውን አየን። ፌንጣ ወተቱን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ ያልኩትን አውጥቼዋለሁ። ወተቱን ለድመቷ ሰጥቶ የጠጣ እንዲመስል ከንፈሩን በጣቱ ነጭ ይቀባ እንደነበር እኔ በምን አውቄ? እኔ ፊት ነጭ ከንፈሩን ይዞ ሲመጣ ጎበዝ እለው ነበር። ጫማውም ጥቁር ሆኗል፣ አንደኛው ማሰሪያም ከአንቺ የጨርቅ ቁራጭ እንደነበር ተጽፏል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው እናት ከስታለች፣ እኔ መቼ ነው የከሳሁት ያልሽውም ተስተካክሏል። ወፍረሻል እማዬ፤ አሁን በሁለት ገጽ ውስጥ በሩን የምትሞይ ሴት ነሽ።

እህቴ እነዚህን ስትነግረኝ ሳቅ እያቋረጣት ነበር፤ ከኋላዋ ደግሞ የአንቺ ሳቅ ይሰማኛል። ስለ ፌንጣ እየተወራ ቤታችን ሲሳቅ ስሰማ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሳቁ ቆመና ክሩ ላይ ደረስን። እኔ መጽሐፉ ውስጥ ፌንጣ በዚያ ቀን ኳስ ሊጫወት ወጣ ብዬ ነበር። እህቴ ስልኩን ወደ አንቺ አስጠግታ ድምፅሽን ራሴ ሰማሁት።

«ሊጫወት አልወጣም። ክር እንዲገዛልኝ የላክሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።»

ኳሱን የፈጠርኩት ለአንቺ አዝኜ ነበር። አንቺ ግን እንዲታዘንልሽ አልፈለግሽም። ስለዚህ ያን ገጽ ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ረጅም አይደለም፤ እንደዚህ አጭር ነገር ግን እንደዚህ አድክሞኝ አያውቅም። አሁን እንዲህ ይላል፦

እናቴ ሰማያዊ ክር አለቀባት።
ወንድሜ ሮጠ።
ዝናብ ነበር።
ግንቡ አርጅቶ ነበር።
ከዚህ ሁሉ ውስጥ
የእናቴ ጥፋት የቱ ጋ ነው?

መልሱን አልጻፍኩትም። አንቺ ይህን ሁሉ ጊዜ ፈልገሽ ካላገኘሽው የለም ማለት ነው። የግንቡን ባለቤት አዛውንትም እንደነገርሽኝ አስተካክያቸዋለሁ። እኔ መጥፎ ሰው አድርጌ ጽፌያቸው ነበር፤ ድንጋዩን በባዶ እጃቸው እየቆፈሩ ያወጡት እሳቸው መሆናቸውን የነገረኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እሑድ እሑድ ጠዋት ጓሮ አውጥተሽ ራሳችንን ስታጥቢን ሳሙናው ዓይናችን እንዳይገባ፣ ጨፍነንም እንድንቆይልሽ የምትዘፍኝልን ያ ዘፈን። እኔም እህቴም አደግን ብለን ተውነው፤ ፌንጣ ግን ራሱን ማጠብ ከቻለ በኋላም ጣሳውን ይዞ ይመጣና ዘፈኑ ካልተዘፈነ አልታጠብም ይል ነበር። ከግንቡ በኋላ ያ ዘፈን ከቤታችን ወጣ። የመጽሐፌም መጨረሻ እሱ ነበር። እህቴ ያንን የመጨረሻ ገጽ ስታነብልሽ አስቁመሻት የተናገርሽውን ቃል በቃል አቀበለችኝ።

«ይሄኛው ውሸት ነው በያት። እኔ እዘፍናለሁ። ቤቱ ባዶ ሲሆን እዘፍናለሁ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሙጫ ቀቢዋ ምን ሆንሽ ብትለኝ እናቴ ትዘፍናለች አልኳት፤ ታዲያ ይሄ ያስለቅሳል ወይ ብላ ግራ ገብቷት አየችኝ። ለምን ቤቱ ባዶ ሲሆን ብቻ ብላ እህቴ ስትጠይቅሽ፣ እናንተን እንዳላስከፋ፣ አባታችሁንም እንዳላስለቅስ ነው ያልሻት። እኛ ደግሞ አንቺን እንዳናስከፋ ነበር አፋችንን የያዝነው። እህቴ ገላዋን ስትታጠብ ውሃውን ከፍታ በሹክሹክታ ትዘፍነዋለች አሉ። እኔ እዚህ ወረቀት ስሰፋ መርፌዬ በእሱ ዜማ ነው የሚሄደው። እንደኛ ያለ ቤተሰብ የት ይገኛል? አንዱ ለሌላው ሲል ዝም ይላል፣ ያኛው ዝምታውን አይቶ የባሰ ዝም ይላል። ስንተዛዘን ዓመታት አለፉ።

አባዬ፣ አሁን ይቅር በለኝ፤ ላጋልጥህ ነው። ራዲዮውን ዝጋው፣ ለነገሩ እንዳልተከፈተ አውቃለሁ።

እማዬ፣ አንቺ ስልኩን ትተሽ ወደ ጓዳ ስትገቢ እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝ ነገር አለ። ከክሩ ቀን ወዲህ ማንንም ምንም ነገር ልከሽ አታውቂም ነበር። ለአንድ ቁልፍ እንኳ በዚያ ትከሻሽ ራስሽ ትሄጂ ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት አባዬን ዳቦ ግዛልኝ አልሽው። ዳቦ ነበር፤ ሳጥኑ ሙሉ ነበር። አባዬ ግን ዳቦማ አለ አላለሽም። ጫማውን ሳያስር ነው የወጣው። እንደገና ሰው መላክ በመጀመርሽ ደስ ብሎት ነበር። ቶሎ ሄዶ ቶሎ ሲመለስ ድምፅሽን ከመስኮቱ ሰማው። አልገባም። ዳቦውን አቅፎ ግድግዳው ሥር ቆመና ዘፈኑ ሲያልቅ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሰልፉ ረጅም ነበር እያለ ገባ።

በሚቀጥለው እሑድም ላክሽው። በሚቀጥለውም። ሰልፉ ሁልጊዜ ረጅም ነው፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰው የለም አሉ። አንድ ቀን እህቴ ከውጭ ስትመጣ አባዬን መስኮት ሥር ቆሞ አገኘችው። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛትና ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም እዚያ ናቸው። ጓደኛዬ ጋ ልሂድ ብላሽ የምትወጣው የትም አይደለም፤ መስኮቱ ሥር ናት። ያ ሁሉ ደርቆ ፍርፋሪ የሆነ ዳቦ የዘፈን መግቢያ ነበር እማዬ። ቤቱ አንድም ቀን ባዶ ሆኖልሽ አያውቅም።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ማንበብሽን አቁሚና ሁለቱን እያቸው። እኔ ማየት ስለማልችል አንቺ እይልኝ። አባዬ ጣሪያውን እያየ ይሆናል። አይተሻል? በይ ቀጥዪ።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ሌላው እጥፋት ሁሉ ተሰፍቶ አልቋል። ለመርፌው ፈቃድሽን ካገኘን በኋላ አለቃችን ሙጫ ራሳቸው ክምሩን ከመደርደሪያው አወረዱት፤ የመጀመሪያውን እኔ ሰፋሁ፣ ሙጫ ቀቢዋ ከሌላው ሰው ሥራ ይልቅ ተጠንቅቃ ቀባችው። የቀረው የመጨረሻው እጥፋት ብቻ ነው። ዘፍና አታውቅም የሚለውን አውጥቼዋለሁ፤ ገጹ ባዶ ነው። እዚያ ላይ እንዲገባ የምፈልገው ዘፈኑ ራሱ ነው። መጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦

አረፋ አረፋዬ፣ ዓይን ውስጥ አትግቢ፣
ጆሮ ሥር ዙሪና ጀርባ ላይ ተሳቢ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቶብኛል። እህቴ ስለ ፎጣ ነው ትላለች። እኔ ስለ ፀሐይ ይመስለኛል። አባዬ ደግሞ በመስኮት በኩል ጥርት ብሎ አይሰማም ብሏል አሉ፤ ዕድሜ ልኩን ቤቱ ውስጥ ሆኖ ሲሰማው የኖረውን ማለቴ ነው። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ግጥሙን ለእህቴ በወሬ ብትነግሪያት ጽፋ ትልክልኝ ነበር፤ ለወረቀቱ ያ ይበቃዋል። ለእኔ ግን አይበቃኝም።

ደብዳቤው ከደረሰሽ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ አባዬን ዳቦ አትላኪው። እህቴም የትም አትሂድ። ጣሳውን አውጪና የእህቴን ራስ እጠቢያት፤ ትልቅ ሴት ነኝ ብትል እንዳትሰሚያት፣ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ ከሳሙና አያድንም። አባዬ ስልኩን ይደግንና ይቅዳው፤ ሥዕሉ ባይጠራም ግድ የለም፣ የምፈልገው ድምፁን ነው። አንቺ እነሱ ባሉበት ዝፈኚው። መሃል ላይ ቢያቅትሽ አቁሚ፣ ትንሽ ቆይተሽ ካቆምሽበት ቀጥዪ። ብታለቅሱም አልቅሱ፤ ተለያይታችሁ ስታለቅሱ የኖራችሁትን አንዴ አብራችሁ ብትሆኑ ምን ይጎዳል? ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃል። ሙጫ ነግረዋቸዋል።

ያቺ ዚፗን እስከ አገጯ የዘጋች ልጅም መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ እንድትሰጪኝ ብላኛለች። የመጨረሻውን ገጽ ስታነብ እኔን መጠየቅ አያስፈልጋትም።

ስለ እኔ አታስቢ። ክፍሌ ትንሽ ናት፣ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባታል። መስኮቴ ላይ የተከልኳት ቅጠል እንዳንቺ ቅጠሎች ካላነጋገሯት አታድግም፣ ስለዚህ እንነጋገራለን። እበላለሁ፤ ልብሴንም ራሴ እሰፋለሁ፣ ብታይው ግን ፈትተሽ እንደገና ትሰፊዋለሽ።

በይ እንግዲህ ሰላምታዬን ላድርስ። ለአባዬ፣ ለዓለም ታጋሹ ዳቦ ገዢ፣ ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ለእህቴ፣ ሳትዘልዪ እዚህ ከደረስሽ ጎበዝ፤ ከዘለልሽም ገብቶኛል። ለግንቡ ባለቤት አዛውንት፣ ልጃቸው እንደሆንኩ ቆጥረው ሰላምታዬን እንዲቀበሉኝ ንገሪልኝ፤ አንድ እሑድ ጥሪያቸውና እሳቸውም በበሩ ገብተው ዘፈኑን ይስሙ። ለድመቷም ሰላም በይልኝ። ለስፌት መኪናሽ ዘይት አድርጊላት።

ለፌንጣዬም። እንዴት ነህ ወንድሜ? በደብዳቤ ሰላም ሳልልህ ቆየሁ። የምነግርህ ወሬ ቢኖር ይህ ነው፤ ወተቱን ድመቷ እንደምትጠጣው እማዬ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ ትልቋ ልጅሽ

ከመጠረዣው በላይ ካለችው ክፍል፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በጥቅምት ወር መጨረሻ